የምርምር በጀት ሲቀነስ የዩኒቨርሲቲ ድርሻ፤ የ1981ዱ የብሪታንያ ደብዳቤና ያስከተለው ነገር

ጁላይ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. በብሪታንያ ለሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች ከለንደን አንድ ደብዳቤ ወጣ። ላኪው የዩኒቨርሲቲዎች ድጎማ ኮሚቴ ነበር። ደብዳቤው በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ከመንግሥት ካዝና የሚያገኘው ገንዘብ ምን ያህል እንደሚያንስ በቁጥር ያስታውቃል። ዮርክና ባዝን የመሳሰሉት እምብዛም ጉዳት ሳይደርስባቸው አለፉ። ብራድፎርድ፣ ኪልና አስተን ከድጎማቸው ሢሶ ያህሉን አጡ። የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግን ከመቶ 44 እጅ እንደሚቀነስበት ተነገረው።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች፣ መንግሥት ለሳይንስ የሚሰጠውን ገንዘብ ሲቀንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹን እንዴት ሊደግፍ ይገባዋል በሚለው ጥያቄ ላይ ታሪክን መሠረት ያደረገ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ አሳቤ የመጣው ይኸው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ተከትለው የመጡት ዓመታት አልፈው ውጤታቸው ስለታወቀ፣ የትኛው ዘዴ እንደረዳና የትኛው እንደጎዳ ከነመጨረሻው ለመመልከት ይቻላል። ከዚህም ሌላ በ2025 ዓ.ም. በዩናይትድ ስቴትስ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የደረሰው ነገር ያንኑ ታሪክ በሌላ መልክ ስላስታወሰን፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበቡ የትርፍ ጊዜ ሥራ ብቻ አይመስለኝም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብልኝ።

ኮሚቴው የተቋቋመው በ1919 ዓ.ም. ነው። አባላቱ በአብዛኛው ራሳቸው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለነበሩ፣ በመንግሥትና በምሁራን መካከል እንደ አማላጅ ሽማግሌ ሆኖ ይታይ ነበር። መንግሥት ገንዘቡን በጠቅላላው ለኮሚቴው ይሰጣል፤ ኮሚቴው ደግሞ ለየዩኒቨርሲቲው ያከፋፍላል፤ ሚኒስትሩ በዚህ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ለኬሚስትሪ፣ ያን ያህል ለታሪክ ይዋል ብሎ አያዝም። ድጎማውም የሚወሰነው ለአምስት አምስት ዓመት ስለነበረ፣ አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ከአራት ዓመት በኋላ ምን ያህል ሰው እንደሚቀጥር አውቆ ለማቀድ ይችል ነበር። ይህ የአምስት ዓመት ሥርዓት በ1970ዎቹ አጋማሽ በተከሰተው የዋጋ ንረት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቹ ከዓመት ወደ ዓመት እየተንጠለጠሉ ኖሩ ለማለት ይቻላል። እንግዲህ የ1981ዱ ደብዳቤ የደረሰው አስቀድሞ የማቀድ ልምድ የነበረውን፣ ነገር ግን የማቀጃው ዕድል ከተወሰደበት ጥቂት ዓመታት ያለፉትን ማኅበረ ሰብ ነው።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት በብሪታንያ ምርምር በምን ገንዘብ ይካሄድ እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የሚመጣው ከሁለት ምንጭ ነበር። የመጀመሪያው ከላይ የተጠቀሰው የኮሚቴው ድጎማ ሲሆን፣ የመምህራኑን ደመወዝ፣ ሕንፃውን፣ መብራቱንና ውሃውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኖችን፣ የመሣሪያ ጥገናን ይሸፍናል። ሁለተኛው ከምርምር ምክር ቤቶች የሚገኘው ነው። ይህኛው ተመራማሪው አንድ የተወሰነ ጥናት አቅርቦ፣ በባልንጀሮቹ ተመዝኖ ሲፈቀድለት ለዚያ ጥናት ብቻ የሚሰጥ ነው። ምክር ቤቶቹ ገንዘብ ሲሰጡ ዩኒቨርሲቲው አስቀድሞ የተሟላ ቤተ ሙከራ አለው ብለው በማመን ነበር። የጥንዱ ሥርዓት ጥበብ ሁሉ በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው።

በ1979 ዓ.ም. የወይዘሮ ማርጋሬት ታቸር መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ መጀመሪያ የተነኩት የውጭ አገር ተማሪዎች ነበሩ። ከ1980 ዓ.ም. መጸው ጀምሮ አዲስ የሚገቡ የውጭ ተማሪዎች የትምህርታቸውን ሙሉ ወጪ እንዲከፍሉ ተወሰነ። ይህ ውሳኔ ከአፍሪካና ከእስያ ለሚሄደው ተማሪ ምን ማለት እንደነበረ ከማኅበራችን አባላት መካከል በዕድሜ የገፉት ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በዩኒቨርሲቲዎቹ በኩል ግን በጊዜው ጉዳዩ የሌላ ሰው ጉዳይ ተደርጎ ታለፈ። ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ ሲነሣ ከዩኒቨርሲቲው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ መነሣቱን፣ ስለዚህም ቅነሳው የሁሉም ቅነሳ መሆኑን ልብ ያሉት ጥቂቶች ነበሩ።

ከዚያም 1981 መጣ። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። መንግሥት ለምርምር ምክር ቤቶች የሚሰጠውን የሳይንስ በጀት እጅግም አልነካውም ነበር፤ እንዲያውም ሳይንስን ጠብቄአለሁ ብሎ ይናገር ነበር። በቃል ደረጃ ሐሰት አልነበረም። የተቆረጠው የኮሚቴው ድጎማ ነው፤ ማለትም የተሟላ ቤተ ሙከራ ይኖር ዘንድ የሚያስችለው ገንዘብ ነው። ውጤቱም ተመራማሪው ከምክር ቤቱ የጥናት ገንዘብ ተፈቅዶለት ሳለ ማጉያ መነጽሩን የሚጠግንለት ቴክኒሺያን በጡረታ የተሸኘበት፣ ቤተ መጻሕፍቱም የሚፈልገውን መጽሔት ደንበኝነት ያቋረጠበት ሆኖ መገኘቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በሁለተኛው በኩልም ችግሩ ታየ፤ የምክር ቤቶቹ ገማቾች ከፍተኛውን ማዕረግ የሰጧቸው የጥናት ዕቅዶች ሳይቀሩ ገንዘብ እየታጣላቸው ይመለሱ ጀመር። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከራሳቸው መሙላት ያቃታቸውን ሁሉ ከምክር ቤቶቹ ለማግኘት ስለተሻሙ ነው።

ስለ ቴክኒሺያኖች በዚህ ስፍራ ጥቂት ብናገር አንባቢ ይቅርታ ያደርግልኝ ይመስለኛል። ይህ ጸሐፊ በወጣትነቱ በውጭ አገር በአንድ ላቦራቶሪ ሲሠራ፣ የትምህርት ክፍሉ ወጪ ለመቀነስ ሲል መጀመሪያ ያሰናበተው የመስተዋት ዕቃ የሚሠራውን ሰው ነበር። ሰውየው የሠላሳ ዓመት ልምድ ነበረው። በሂሳብ መዝገብ ላይ ሲታይ አንድ ደመወዝ ዳነ። እኛ ግን እርሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሠራልን የነበረውን ቱቦ ከፋብሪካ አዝዘን ወራት እንጠብቅ ጀመር፤ ሲመጣም ልኩ አይገጥምም ነበር። የተሰናበተውን ሰው የሚተካ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም፤ ሙያው ከሰው ወደ ሰው በእጅ የሚተላለፍ እንጂ ከመጽሐፍ የሚቀዳ አይደለምና። የበጀት ቅነሳ ታሪክ ሲጻፍ ፕሮፌሰሮችና ሚኒስትሮች ስማቸው ይጠራል፤ እንደዚህ ያለው ሰው ግን በግርጌ ማስታወሻ እንኳ አይገኝም።

ወደ ሳልፎርድ እንመለስ። ሳልፎርድ፣ ብራድፎርድና አስተን በ1960ዎቹ ከከፍተኛ የቴክኖሎጂ ኮሌጅነት ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደጉ ነበሩ። ለኢንዱስትሪ የሚሆኑ መሐንዲሶችን እንዲያፈሩ ተብለው የተቋቋሙ ሲሆኑ፣ ኢንዱስትሪን አነቃቃለሁ የሚለው መንግሥት ሥልጣን በያዘበት ጊዜ በብርቱ የተመቱት እነርሱው መሆናቸው በጊዜው ብዙ ሰው አስገርሟል። ኮሚቴው በምን መለኪያ እንደመዘነ በዝርዝር አላስረዳም። ለዚህ ዝምታ ከዩኒቨርሲቲዎቹም ከፓርላማውም ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል፤ በእኔም ግምት ወቀሳው የሚገባው ነበር። የተቀነሰበት ሰው የተቀነሰበትን ምክንያት ካላወቀ፣ ምኑን እንደሚያሻሽል አያውቅም።

በዚያው ዓመት የሳልፎርድን የአስተዳደር ኃላፊነት የተረከቡት ጆን አሽወርዝ ናቸው። ማዕረጋቸው በእንግሊዞች አጠራር ምክትል ቻንስለር ቢባልም በእኛ አባባል ፕሬዚዳንት ማለት ነው። አሽወርዝ በሙያቸው ባዮሎጂስት ሲሆኑ ቀደም ሲል በካቢኔው ጽሕፈት ቤት የፖሊሲ ጥናት ክፍል ዋና የሳይንስ አማካሪ ሆነው ሠርተው ስለነበረ፣ የመንግሥትን ቤት ውስጡን ያውቁታል። ዩኒቨርሲቲው እንዲዘጋ የሚመክሩ ነበሩ። አሽወርዝ ግን ወደ ከተማው ሰዎች፣ ወደ ፋብሪካዎችና ወደ አካባቢው ባለሥልጣኖች ሄዱ። ዩኒቨርሲቲውን የሚደግፉ ድርጅቶችና ግለሰቦች አባል የሚሆኑበት፣ ስሙም በአጭሩ ካምፐስ የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር የነበሩት የኤዲንብራው መስፍን ልዑል ፊሊፕም ስማቸው ለዚህ ጉዳይ ረድቷል። ዕድል ነው፤ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የንግሥት ባል በደጀንነት አይኖረውም።

የካምፐስ ጥቅም በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይመስለኝም። ተመራማሪው ከኢንዱስትሪ ጋር ሊሠራ ቢፈልግ፣ ማንን እንደሚያነጋግር፣ ውሉን እንዴት እንደሚጽፍ፣ ውጤቱን የማሳተም መብቱን እንዴት እንደሚጠብቅ አያውቅም። እስከዚያ ድረስ ይህ የእርሱ የግል ጣጣ ነበር። ሳልፎርድ የራሱ ጉዳይ አደረገው። ይህም ሆኖ ሁሉም ተመራማሪ ለፋብሪካ የሚሸጥ ነገር አልነበረውም። የሒሳብ ሊቁ ወይም ስለ ነፍሳት ሥነ ፍጥረት የሚመራመረው ሰው ከካምፐስ ያገኘው ጥቅም ቢኖር ዩኒቨርሲቲው ሳይዘጋ መቆየቱ ነው። ይህን ጉድለት በሚገባ ለመሙላት የቻለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ አስተን አንድ ቃል ልበል። በአስተን በፕላዝማ ፊዚክስ የታወቁት ፍሬዴሪክ ክሮፎርድ የተከተሉት መንገድ ቁርጥ ያለ ነበር። ደካማ የተባሉትን የትምህርት ክፍሎች ዘጉ፤ የተማሪውንና የመምህሩን ቁጥር ቀነሱ፤ የቀረውን አጠናከሩ። በ1983 ዓ.ም. ከበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤትና ከሎይድስ ባንክ ጋር ሆነው የሳይንስ ፓርክ መሠረቱ። አስተን በሂሳብ ረገድ ዳነ። ከመምህራኑ ጋር የነበረው ጠብ ግን መራራ ነበር፤ ቋሚ የሥራ ዋስትና ያላቸውን ሰዎች ማሰናበት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ክርክር የዩኒቨርሲቲውን ልብ ለዓመታት ወስዶታል። ሰው በሥራ ቦታው ላይ በየቀኑ የስንብት ደብዳቤ እየጠበቀ የሚያስብ ከሆነ ምን ዓይነት ምርምር እንደሚያካሂድ መገመት አያዳግትም።

ዎሪክ የተለየ ነገር አደረገ። የደረሰበት ቅነሳ ከሳልፎርድ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ይህን በቅድሚያ ማመን ይገባል። የመረጡት መርሕ «ግማሹን ቆጥብ፣ ግማሹን አግኝ» የሚል ነበር። የጎደለውን ግማሽ በቁጠባ ይሸፍናሉ፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሠርቶ ያገኛል። በ1980 ዓ.ም. በኩማር ባታቻርያ የተመሠረተው የማኑፋክቸሪንግ ቡድን፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ፣ የጉባኤ አዳራሾቹና የእንግዳ ማረፊያዎቹ ሳይቀሩ ገቢ ማግኛ ሆኑ። እስከዚህ ድረስ ሌሎችም ያደረጉት ነው። ልዩነቱ ገቢው የገባበት ቦታ ነው። ትርፉ ገንዘቡን ባስገኘው ክፍል እጅ ብቻ አልቀረም፤ አንድ ክፍል ለማዕከሉ ተወስዶ ምንም ሊሸጡ ለማይችሉት የትምህርት ክፍሎች ጭምር ይከፋፈል ነበር። መሐንዲሶቹ ለታሪክ ጸሐፊዎቹና ለሒሳብ ሊቃውንቱ ከፈሉ ማለት ነው። ማጉረምረም አልነበረም ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. ዎሪክ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ከራሱ ገቢ መድቦ በልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፍ ለ50 ያህል ወጣት ተመራማሪዎች ቦታ ሲከፍት፣ ከአሥር ዓመት በፊት የተተከለው ዛፍ ፍሬ መስጠቱ ታየ።

ወጣቶችን ካነሣን የዚያ ዘመን ትልቁ ስሕተት የተፈጸመው በእነርሱ ላይ ነው። ቋሚ ዋስትና ያለውን መምህር ለማሰናበት በሕግ አስቸጋሪ ስለነበረ፣ መንግሥትና ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት ዘዴ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑት በፈቃዳቸው ካሣ ተቀብለው ቀድመው ጡረታ እንዲወጡ ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ደግነት ያለው አሠራር ነው። ነገር ግን በፈቃድ የሚሄደው ማን ነው? ሌላ ቦታ የሚፈልገው ሰው ነው። አሜሪካ የሚጠራው፣ ኢንዱስትሪ የሚሻማበት ሰው ካሣውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ መሄጃ የሌለው ይቀራል። ስለዚህ የትኛው የትምህርት ዘርፍ እንደሚዳከም የወሰነው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሳይሆን የጡረታ ሠንጠረዥ ሆነ። በተለቀቀው ቦታ ላይ ደግሞ አዲስ ሰው አይቀጠርም ነበር። በዚያን ጊዜ የዶክትሬት ትምህርቱን የጨረሰ ጎበዝ ወጣት በአገሩ የመምህርነት ሥራ ለማግኘት የነበረው ተስፋ እጅግ የመነመነ ነበር።

ጉዳቱን መንግሥት ራሱ ለማየት ብዙ አልቆየም። የትምህርት ሚኒስትሩ ሰር ኪት ጆሴፍ በ1982 ዓ.ም. መጨረሻ «አዲስ ደም» የተባለ ዕቅድ አስታወቁ። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ35 ያልበለጡ መምህራን፣ በአብዛኛው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ በመንግሥት ገንዘብ እንዲቀጠሩ ሆነ። ለብዙ መቶ ወጣቶች በር ከፈተ፤ ከእነርሱም መካከል ኋላ ስመ ጥር የሆኑ አሉ። አሽሙሩን ግን ልብ ማለት ይገባል። አሮጌውን ደም በካሣ አፍስሶ በዓመቱ አዲስ ደም መግዛት ውድ ሕክምና ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ መጀመሪያውኑ ከሚወጡት ሰዎች ደመወዝ ከፊሉን ይዘው ለወጣቶች ቢያውሉት ኖሮ፣ በመካከሉ የጠፉት ዓመታት ባልጠፉ ነበር።

ተቃውሞ አልነበረም ወይ? ነበር። ከሁሉም ይበልጥ በዓለም የተሰማው የኦክስፎርዱ ነው። ወይዘሮ ታቸር ራሳቸው በኦክስፎርድ በሰመርቪል ኮሌጅ ኬሚስትሪ የተማሩ፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ባገኙት በዶሮቲ ሆጅኪን አስተማሪነት ያለፉ ሰው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ለጠቅላይ ሚኒስትሮቹ እንደ ልማዱ የክብር ዶክትሬት ሊሰጣቸው አሰበ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1985 ዓ.ም. መምህራኑ ተሰብስበው 738 ድምፅ ለ319 በሆነ ብልጫ ከለከሏቸው። ጋዜጦች ለሳምንታት ጻፉበት። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሁለት ስሜት ይሰማኛል። ምሁራን ክብራቸውን ለማስከበር መነሣታቸው ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ በማግሥቱ አንድም ላቦራቶሪ አልተከፈተም፤ መንግሥትም ምሁራኑ ስለ ራሳቸው ጥቅም እንጂ ስለ አገር አያስቡም ለማለት ምክንያት አገኘ።

ከዚያ የበለጠ ፍሬ ያፈራው ከዓመት በኋላ የተደረገው ነው። በጃንዋሪ 1986 ዓ.ም. ወደ 1500 የሚሆኑ ሳይንቲስቶች ከየኪሳቸው አዋጥተው በታይምስ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጡ። ከመሥራቾቹ አንዱ የኦክስፎርዱ የልብ ፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ዴኒስ ኖብል ናቸው። «የብሪታንያን ሳይንስ አድኑ» የተባለው ይህ ማኅበር ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለአንድ የትምህርት ዘርፍ አልተሟገተም፤ ቁጥር እየሰበሰበ፣ ከሌሎች አገሮች ጋር እያነጻጸረ፣ ለፓርላማ አባላት እያቀረበ ዓመታት ሠራ። ስሙን ለውጦ ዛሬም አለ። የሚያሳዝነው ማኅበሩ የተቋቋመው ከደብዳቤው በኋላ አራት ዓመት ተኩል ቆይቶ መሆኑ ነው። በነዚያ ዓመታት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ከጎረቤቱ የተሻለ ድርሻ ለማግኘት በግሉ ሲሯሯጥ ነበርና በአንድ ድምፅ የተናገረ አልነበረም።

በዚያው በ1986 ዓ.ም. ኮሚቴው የየዩኒቨርሲቲውን ምርምር መዝኖ ገንዘብ በማዕረግ የማከፋፈልን አሠራር ጀመረ። የ1988 ዓ.ም. ሕግ ደግሞ አዲስ ለሚቀጠሩ መምህራን የነበረውን ቋሚ የሥራ ዋስትና አነሣ፤ በተከታዩም ዓመት ኮሚቴው ራሱ ፈርሶ በሌላ አካል ተተካ። የእነዚህ ነገሮች ታሪክ ለብቻው ሰፊ ጽሑፍ የሚጠይቅ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ከብሪታንያ ውጭ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ዓ.ም. ስትፈርስ የሳይንቲስቱ ደመወዝ በዋጋ ንረት ተበልቶ ለዳቦ እንኳ የማይበቃ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. መጨረሻ ባለጠጋው ጆርጅ ሶሮስ 100 ሚሊዮን ዶላር መድበው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፋውንዴሽን አቋቋሙ። መጀመሪያ ያደረጉት ለያንዳንዱ ሳይንቲስት 500 ዶላር መስጠት ነው። መለኪያው ቀላል ነበር፤ ባለፉት አምስት ዓመታት በታወቁ መጽሔቶች ሦስት ጽሑፍ ያሳተመ ሁሉ ያገኛል። ረጅም ማመልከቻ የለም፤ የአለቃ ፊርማ አያስፈልግም። ከ20,000 በላይ ሰዎች ገንዘቡን አገኙ። ለብዙዎቹ ከአንድ ዓመት ደመወዝ የሚበልጥ ነበር። ለቤተ መጻሕፍትም የውጭ መጽሔቶች ይላኩ ነበር። በችግር ጊዜ የእርዳታ ፍጥነት ከእርዳታው መጠን እንደማያንስ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላውቅም። የገንዘቡ ምንጭ የውጭ ሰው መሆኑ፣ ፋውንዴሽኑም በ1996 ዓ.ም. ሥራውን ማቆሙ ደግሞ የነገሩ ሌላ ገጽታ ነው።

አሁን ወደ 2025 ዓ.ም. እንምጣ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ለምርምር በሚሰጡት ገንዘብ ላይ ለዩኒቨርሲቲዎች የሚታሰበው ተዘዋዋሪ ወጪ ከመቶ 15 እንዳይበልጥ አስታወቁ። ቀድሞ በድርድር የሚወሰን ሲሆን በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከመቶ 50 ያልፍ ነበር። ፍርድ ቤት ውሳኔውን አገደው። ተዘዋዋሪ ወጪ የሚባለው ምንድን ነው? ሕንፃው፣ መብራቱ፣ የእንስሳት ማቆያው፣ የደኅንነት ቁጥጥሩ፣ ቴክኒሺያኑ ነው። በ1981 ዓ.ም. የተሟላ ቤተ ሙከራ ይባል የነበረው ነው። ያልተለወጠው ሌላው ነገር ደግሞ ሕዝቡ ይህን ወጪ አለማወቁ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች በደጉ ዘመን አላስረዱትምና፣ የአስተዳደር ብክነት ነው ሲባል ለማመን ቀላል ሆነለት።

በማርች ወር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ የልማት ድርጅት ሥራዎች በመቋረጣቸው ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጥቶ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ያሉ ከ2000 በላይ ሠራተኞች ከሥራ መሰናበታቸውን አስታወቀ። በኤፕሪል መንግሥት የሃርቫርድን 2.2 ቢሊዮን ዶላር የምርምር ገንዘብ ያዘ። ሃርቫርድ ክስ መሠረተ፤ በሜይ ወር ደግሞ ከራሱ ገንዘብ 250 ሚሊዮን ዶላር መድቦ የተቋረጠባቸውን ተመራማሪዎች እንደሚደግፍ አስታወቀ፤ ፕሬዚዳንቱ አለን ጋርበርም ከደመወዛቸው ሩቡን ለመተው ፈቀዱ። በሴፕቴምበር ዳኛዋ ለዩኒቨርሲቲው ፈረዱ። 250 ሚሊዮን ዶላር ከተያዘው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ከ50 ቢሊዮን በላይ ከሆነው የዩኒቨርሲቲው ቋሚ ሀብት ጋር ሲነጻጸርም እንዲሁ። የቋሚ ሀብቱ ትልቁ ክፍል ለጋሾች ለተወሰነ ዓላማ ያዋሉት በመሆኑ እንደ ልብ የሚወጣ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የሆነ ሆኖ እንዲህ ያለ ገንዘብ በፍጥነት መምጣቱ ፍርዱን ለሚጠብቁ ተመራማሪዎች እንደ መሸጋገሪያ ሊያገለግል የሚችል ነው።

በሌላ በኩል የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በዚያው ዓመት ለዶክትሬት ተቀብያችኋለሁ ያላቸውን ተማሪዎች መልሶ አይሆንም ለማለት ተገደደ። ሌሎችም የሚቀበሉትን ቁጥር ቀነሱ። አስተዳዳሪዎቹን በክፋት መክሰስ አይገባም፤ ለአምስት ዓመት የሚከፍሉት ያልታወቀ ሰው መቀበል አስፈርቷቸዋል። ነገር ግን የ1981 ዓ.ም. ስሕተት ይኸው ነበር። ገና ያልገባ ሰው አይጮኽም፤ ማኅበር የለውም፤ ካሣም አይጠይቅም። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ የራሴን አስተያየት ልስጥ። መሸጋገሪያ የሚሆን ገንዘብ በማዕከል አስቀድሞ መኖር አለበት፤ ቅነሳው ከመጣ በኋላ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ የታሰበ ገንዘብ ነውና ጠብ ያስነሣል። የሚያከፋፍሉትም አስተዳዳሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ከልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፍ የተመረጡ ተመራማሪዎች ቢሆኑ፣ ማመልከቻውም ከሁለት ገጽ ባይበልጥና መልሱ በሳምንታት ውስጥ ቢሰጥ መልካም ነው። የሶሮስ ፋውንዴሽን ለሃያ ሺህ ሰዎች የቻለውን አንድ ዩኒቨርሲቲ ለመቶ ሰዎች የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ገንዘቡ ለሁሉም ይድረስ ተብሎ ቢበተን ግን ማንንም አያድንም። ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ቢቋረጥ ተመልሶ የማይጀመር ሥራ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ሲጠራቀም የኖረ የመስክ ምዝገባ፣ በሕይወት መቆየት ያለበት ዘር፣ ብቸኛ ባለሙያ ያለው መሣሪያ። በኮምፒዩተር ላይ ያለ ሥራ አንድ ዓመት ይተኛል፤ ዘር ግን አይተኛም።

በጡረታ ጉዳይ ላይ ብዙ ባልደረቦቼ እንደማይስማሙኝ አውቃለሁ። በፈቃድ መሄድን የመሰለ ሰላማዊ መንገድ የለም ይላሉ። እውነት ነው። እኔ የምለው ዩኒቨርሲቲው ለሚሄደው ሰው ካሣውን ከመፈረሙ በፊት፣ የዚያ ሰው ደመወዝ ከፊሉ በዚያው የትምህርት ዘርፍ ለአንድ ወጣት እንደሚውል በጽሑፍ ይወስን ነው። ካልወሰነ ገንዘቡ ወደ ጠቅላላው ጉድለት ገብቶ ይጠፋል።

የመጨረሻው ነገር በጣም ትንሽ ይመስላል። በ1981 ዓ.ም. ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከምርምር ሠራተኞቻቸው መካከል ማን በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈለው፣ ውሉም መቼ እንደሚያበቃ የሚያሳይ የተጠናከረ መዝገብ በአንድ ስፍራ እንዲኖራቸው የሚያስገድዳቸው ምክንያት አልነበረም፤ ደመወዙ በአንድ ቢሮ፣ የጥናቱ ገንዘብ በሌላ ቢሮ፣ ቴክኒሺያኑ ደግሞ በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ማስታወሻ ደብተር ይገኝ ነበር። ከአባሎቻችን መካከል በየተቋማቸው የምርምር ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ አሉ። ይህን ዝርዝር ከነውሉ ማብቂያ ቀን፣ ቴክኒሺያኖቹንና የዶክትሬት ተማሪዎቹን ጨምሮ ዘንድሮ ያዘጋጁ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ ቅጹን እንዲያሳዩን እጠይቃለሁ።